ተፈትቶ እንደገና የሚሰፋ ደብተር፦ ባለ ቆዳ ሽፋን ማስታወሻ በእጅ የመጠረዝ ዝርዝር መመሪያ

በመጀመሪያ የጠረዝኩት ባለ ቆዳ ደብተር ሦስት ወር እንኳ አልቆየም። ከውጭ ሲያዩት ያምር ነበር። ነገር ግን ጀርባውን ኮላ ቀብቼ፣ በካርቶን ደግፌ፣ ቆዳውን በላዩ ለጥፌበት ስለ ነበር ሲከፍቱት ይታገላል፤ በአንድ እጅ ካልተጫኑት በሌላው አያጽፍም። በመጨረሻ ኮላው ደርቆ ተሰነጠቀና ገጾቹ መርገፍ ጀመሩ። ልጠግነው ብሞክር ኮላው ወረቀቱን ይዞ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ ለመጻፊያ የሚሆን ደብተር ስሠራ ኮላ አልነካም። ወረቀቱን ከቆዳው ጋር የሚያገናኘው ክር ብቻ ነው።

እዚህ የማሳያችሁ አጠራረዝ ረጅም ስፌት ይባላል። ክሩ በቀጥታ በቆዳው ጀርባ አልፎ ስለሚሰፋ ከውጭ ረዣዥም መስመር ሆኖ ይታያል። ደብተሩ የትኛውም ገጽ ላይ ቢከፈት ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ ብሎ ይቀመጣል። ወረቀቱ ተጽፎ ሲያልቅ ክሩን ቆርጦ ማውጣት፣ በዚያው ቆዳ ላይ አዲስ ወረቀት መስፋት ይቻላል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ጥሩ ቆዳ ከአንድ ደብተር ዕድሜ በላይ ይኖራልና።

ቅርጹም አዲስ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ግብፅ ውስጥ በናግ ሐማዲ አቅራቢያ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ የተገኙት የፓፒረስ መጻሕፍት በ4ኛው መቶ ዘመን የተጠረዙ ናቸው። አብዛኞቹ ሽፋናቸው ቆዳ ሆኖ፣ ፊት ለፊት የሚታጠፍ ክዳንና ዙሪያውን የሚታሰር ጠፍር አላቸው። ዛሬ የምንሠራው ደብተር ክዳኑም ጠፍሩም ከነዚያ ብዙ አይርቅም።

መጠኑን አስቀድሞ መወሰን

የደብተሩ ገጽ 148 በ210 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ የሚሰጠው መጠን ማለት ነው። አራት ጥራዝ ይኖረዋል። ጥራዝ የምለው አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው አብረው የሚሰፉትን የታጠፉ ወረቀቶች ነው። በእያንዳንዱ ጥራዝ 8 ወረቀት፣ በአራቱ 32 ወረቀት ይገባል፤ ሲታጠፍ 64 ቅጠል፣ በሁለቱም በኩል ሲጻፍበት 128 ገጽ ይወጣዋል። የጥራዞቹን ቁጥር ለመቀየር ብታስቡ ሙሉ (ተጋማሽ) ቁጥር ይሁን፤ ከታች የምገልጸው ስፌት አንዱን ጥራዝ ወርዶ ሌላውን ስለሚወጣ መጨረሻው በትክክል የሚዘጋው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ወረቀቱ

ሰዎች ቆዳውን ለመምረጥ ብዙ ይደክማሉ፣ ወረቀቱን ግን በእጃቸው ካገኙት ያነሣሉ። የምትጽፉት ግን በወረቀቱ ላይ ነው። ለማተሚያ ማሽን የሚሸጠው 80 ግራም ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው) ለእርሳስና ለእስክሪብቶ ይበቃል፤ በቀለም ብዕር ለሚጽፍ ግን ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል። ከ100 እስከ 120 ግራም ያለው ከሁሉም ይስማማል። ከዚያ ከወፈረ 8 ወረቀት ባንድነት ሲታጠፍ ጀርባው ያብጣል፤ ስለዚህ በጥራዝ ወደ 5 ወይም 6 ዝቅ አድርጉ። «ከአሲድ ነፃ» የሚል ምልክት ያለውን ብታገኙ እሱን ውሰዱ። ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ሲውል ቢጫ የሚያደርገውና የሚያሰባብረው በውስጡ የቀረው የእንጨት ንጥረ ነገርና አሲድ ነው፤ ደብተራችሁ ያ እንዲደርስበት አትፈልጉም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነገር የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀት በማሽን ሲሠራ ቃጫዎቹ አብዛኛውን ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ። እያንዳንዱ ቃጫ እርጥበት ሲያገኝ በቁመቱ ሳይሆን በውፍረቱ ያብጣል። በመሆኑም ወረቀት ከቃጫው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲታጠፍ እጥፋቱ ንጹሕ ይሆናል፣ ገጹም በልስላሴ ይገለበጣል። ከቃጫው ጋር ተሻግሮ ሲታጠፍ ግን እጥፋቱ ይሰነጣጠቃል፣ ገጹ እንደ ሞላ እየተመለሰ ያስቸግራል፣ እርጥብ ወራት ሲመጣ ደግሞ በጀርባው በኩል ይሸበሸባል።

አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳትሰብሩ በመዳፋችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ጎንበስ አድርጉት፤ መጀመሪያ በአንዱ በኩል፣ ከዚያ አዙራችሁ በሌላው። በቀለለው በኩል የሚታየው የመታጠፊያ መስመር የቃጫው አቅጣጫ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ከጫፉ ትንሽ ቀዳችሁ አንዱን ፊት በውሃ አርጥቡት፤ ሲጠቀለል ጥቅሉ የሚተኛበት መስመር ያው የቃጫው መስመር ነው። ቀጥ ብሎ የሚቀደደውም በዚያው አቅጣጫ ነው።

ችግሩ ኤ4 ወረቀት ብዙውን ጊዜ ቃጫው በረጅሙ ጎን፣ በ297 ሚሊሜትሩ በኩል የሚሄድ መሆኑ ነው። ለሁለት ስናጥፈው እጥፋቱ ቃጫውን ያቋርጣል። መፍትሔው ኤ3 ወረቀት ገዝቶ ለሁለት መቁረጥ ነው። የኤ3 ቃጫ በ420 ሚሊሜትሩ በኩል ከሆነ፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ኤ4 ቃጫው በአጭሩ ጎን ይሆናል፤ ያ ለእጥፋታችን ትክክለኛው ነው። 16 ኤ3 ወረቀት ይበቃችኋል። ተራውን ኤ4 ብትጠቀሙም ደብተር ይወጣል፣ አልከለክላችሁም፤ ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን የሠራ ሰው ወደ ተራው ኤ4 አይመለስም።

ቆዳው

ለዚህ ሥራ ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊሜትር የሆነ ቆዳ ይሻላል። ከዚያ የሳሳው በክሩ ጉተታ ይቀደዳል፤ 2 ሚሊሜትር ያለፈው ደግሞ ጀርባው ላይ አልታጠፍ ብሎ ደብተሩ በደንብ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

በገበያ የሚገኘው ቆዳ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን የለፋ ነው። ሲነኩት ጠንከር ይላል፤ ውሃ ሲነካው ይጠቁራል፤ እርጥብ ሳለ የተጫኑበትን ቅርጽ ይይዛል፤ በእጅ ሲያዝ በጊዜ ብዛት ቀለሙ እየደመቀ ይሄዳል። ሌላው በክሮም ጨው የለፋ ሲሆን ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይቋቋማል፣ ሽታውም የተለየ ነው፤ ቅርጽ ግን አይይዝም፣ ጠርዙም ቢታሸት አያብረቀርቅም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን ክሮም ቆዳም ይቅር ባይ ነው፤ ጠርዙን ማለስለስ የሚባለውን ክፍል ዝለሉት እንጂ ቀሪው አይለወጥም።

ቆዳውን ከመግዛታችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ሳቡት። የእንስሳው ጀርባ የነበረው ክፍል ጥብቅ ነው፤ ሆዱና ብብቱ የነበረው ይለጠጣል። ጀርባ ከሆነው ክፍል ቁረጡ። ከሆድ የተቆረጠ ሽፋን ስትሰፉት ደህና መስሎ ከወር በኋላ በአንድ በኩል ተንሻፎ ታገኙታላችሁ። ጠባሳና የትንኝ ንክሻ ምልክት ግን እንከን አይመስለኝም፤ ቀዳዳ የሚበሳበት ጀርባ ላይ እስካልወደቀ ድረስ ሆን ብዬ ፊት ለፊት አውለዋለሁ።

የቆዳው ሁለት ፊት ይለያያል። ለስላሳው የጠጉር ወገን ነው፤ እሱ ወደ ውጭ ይሆናል። ሻካራው የሥጋ ወገን ነው፤ ምልክት የምናደርገው በዚህ በኩል ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ በታኒን የለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ብረት ቢነካው ጥቁር እድፍ ይይዛል፤ ታኒኑ ከብረቱ ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ እድፉም በቀላሉ አይለቅም። ስታረጥቡት የብረት ማስመሪያችሁን ከላዩ አንሡ።

መሣሪያ

ብዙ አያስፈልግም። የብረት ማስመሪያ (የላስቲኩን ምላጩ ይበላዋል)፣ አዲስ ምላጭ የገባበት ካተር፣ እርሳስ፣ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ካርቶን፣ ቀጭን ወስፌ፣ 1.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ የሚያወጣ የቆዳ መብሻና መዶሻ፣ ጫፋቸው የደነዘ ሁለት መርፌዎች፣ ጥቂት ክሊፖች። መርፌው የደነዘ የሚሆነው ቀዳዳዎቹ አስቀድመው ስለሚበሱ ነው፤ ሹል መርፌ ወረቀቱንም ያለፈውንም ክር ይወጋል። ለማጠፊያ ከአጥንት የተሠራ ለስላሳ መጫኛ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ የማንኪያ ጀርባ ይሠራል።

ክሩ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር የሚወፍር የተልባ እግር ክር ይሁን። የጥጥ ክር ይለጠጣል፣ በመታሸትም ቶሎ ይበላል። በጣም ቀጭን ክርም ወረቀቱን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ሰም ያልተቀባ ከሆነ በንብ ሰም ጉብታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱት፤ ሰሙ ክሩ እንዳይቋጠርባችሁ፣ የሰፋችሁትም ስፌት ተንሸራቶ እንዳይላላ ያደርጋል።

ማጠፍ

ስምንቱን ወረቀት ባንድ ጊዜ አትጠፉ። እንደዚያ ሲታጠፍ የውስጠኛው ይሸበሸባል፣ የውጭው ይቀደዳል። አንድ በአንድ እጠፉ፦ ሁለቱን ጥግ በትክክል ገጥማችሁ በአንድ እጅ ያዙ፤ በሌላው እጅ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጫፎች ጫኑት፤ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በአጥንቱ። ስምንቱ ሲያልቁ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገቡና ጥራዙን በጠረጴዛ ላይ በላይኛው ጠርዝና በጀርባው መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ እጥፋቱን በመጨረሻ አንድ ጊዜ አብራችሁ ጫኑት።

አራቱ ጥራዞች ሲያልቁ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጋችሁ በላያቸው ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩ። ይህ ሌሊት ትርፍ ጊዜ እንዳይመስላችሁ። ያልተጫነ ጥራዝ ውስጡ አየር ይዞ ስለሚያብጥ የጀርባው ውፍረት በስህተት ይለካል፤ ቆዳው በዚያ ልክ ይቆረጣል፤ ወረቀቱ በኋላ ሲረጋ ደብተሩ ሽፋኑ ውስጥ ይዋኛል።

የውስጠኞቹ ወረቀቶች ከውጭዎቹ በትንሹ ወደ ፊት እንደሚወጡ ታያላችሁ። ሊከረከሙ ይችላሉ፤ ጥራዙን በማስመሪያ ጥብቅ አድርጎ ይዞ በአዲስ ምላጭ፣ ሳይጫኑ ደጋግሞ በመሳብ። እኔ ግን ለዚህ ደብተር አልከረክመውም፤ ጫፉ እንደ ደረጃ መሆኑ ገጹን በጣት ለመግለጥ ያመቻል።

ወረቀቱን መብሳት

ቁመቱ በትክክል 210 ሚሊሜትር የሆነ ወፍራም ወረቀት ቆርጣችሁ አብነት አድርጉት። ከላይኛው ጫፍ በ15፣ በ51፣ በ87፣ በ123፣ በ159 እና በ195 ሚሊሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ስድስት ቀዳዳ ነው፤ በመካከላቸው እኩል 36 ሚሊሜትር አለ። የአብነቱን ራስ «ላይ» ብላችሁ ጻፉበት፤ የጥራዞቹንም ራስ በእርሳስ ነጥብ አመልክቱ። ልኩ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ቢሆንም የእጅ ሥራ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት አያጣውም፤ ሁሉም ጥራዝ በአንድ በኩል ከተበሳ ግን ስህተቱም አንድ ላይ ይሰለፋል።

ጥራዙን መሃሉ ላይ ክፈቱና አብነቱን እጥፋቱ ውስጥ አስቀምጡ። ከሥሩ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት እንደ ሸለቆ ብታጋድሙለት ጥራዙ በግማሽ ተከፍቶ ይቀመጣል። ወስፌውን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ የሸለቆውን መሃል ለሁለት በሚከፍል ማዕዘን አውርዱ። ጫፉ ከውጭ በእጥፋቱ መስመር ላይ ልክ መውጣት አለበት። ወደ ጎን ካመለጠ ያ ቀዳዳ የውጭውን ወረቀት ወደ ፊት ይቀደዋል። ቀዳዳው መርፌና ክር በጥብቅ የሚያልፉበት ያህል ብቻ ይሁን።

ቆዳውን መለካትና መቁረጥ

አራቱን ጥራዞች ደርባችሁ በእጅ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙና የጀርባውን ውፍረት ለኩ። የእኔ 12 ሚሊሜትር ቢመጣ ለክሩና ለመተንፈሻ 2 ጨምሬ 14 እለዋለሁ። የእናንተ ቁጥር ከተለየ ከታች 14 ባልኩበት ሁሉ የራሳችሁን ተኩ።

ሽፋኑ ከወረቀቱ በላይም በታችም 3 ሚሊሜትር ይተርፋል፤ ስለዚህ ቁመቱ 216 ነው። ስፋቱን በሥጋ ወገኑ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ አስምሩ፦ የፊት ሽፋን 152፣ ጀርባ 14፣ የኋላ ሽፋን 152፣ በወረቀቱ ጫፍ ላይ የሚታጠፈው 14፣ ፊት ለፊት የሚመለሰው ክዳን 80። ድምሩ 412 ሚሊሜትር ይሆናል። ከመቁረጣችሁ በፊት ይህንኑ በወረቀት ቆርጣችሁ በጥራዞቹ ዙሪያ ጠቅልሉት። ልክ አለመሆኑ በወረቀት ላይ ቢታወቅ ምንም አይከፈልበትም።

ስትቆርጡ ማስመሪያውን ደብተሩ በሚሆነው በኩል አስቀምጡ፤ ምላጩ ቢያመልጥ ወደ ትርፉ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጉተታ ለመጨረስ አትሞክሩ። የመጀመሪያው መንገድ ያወጣል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይቆርጣል። የክዳኑን ሁለት ጥጎች ሳንቲም አስቀምጣችሁ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሹል ጥግ ቦርሳ ውስጥ ይታጠፋል።

አሁን የጀርባው ቀዳዳዎች። በሥጋ ወገኑ ላይ ከግራው ጫፍ በ154.5፣ በ157.5፣ በ160.5 እና በ163.5 ሚሊሜትር አራት ቋሚ መስመሮችን አስምሩ፤ ለእያንዳንዱ ጥራዝ አንድ መስመር ነው። በእያንዳንዱ ላይ የወረቀቱን አብነት አስቀምጡ፤ ከላይ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ስላለ ቀዳዳዎቹ ከቆዳው ራስ በ18፣ በ54፣ በ90፣ በ126፣ በ162 እና በ198 ላይ ይወድቃሉ። 24 ቀዳዳ ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለው 3 ሚሊሜትር እንዳይጠብ፤ ቀዳዳዎች ከተጠጋጉ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። መብሻው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አንድ ጠንካራ ምት ከሦስት ደካማ ምቶች ይሻላል።

ቆዳውን ከስፌት በፊት ጨርሱት

ቀለም መቀባት፣ ቅባት መቀባት፣ ጠርዝ ማለስለስ፣ ስም ወይም ምልክት መጫን፣ ሁሉም ወረቀቱ ከመሰፋቱ በፊት ይለቅ። ቅባት የነካው ወረቀት እድፉ አይወጣም፤ የተቀባ ቆዳም ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ።

በታኒን የለፋ ከሆነ ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ በጣት ውሃ አስነኩት፣ ከዚያ በለሰለሰ እንጨት ወይም በሸካራ ጨርቅ በፍጥነት እሹት። በሙቀቱና በመታሸቱ ቃጫው ተኝቶ ማብረቅረቅ ይጀምራል። ትንሽ የንብ ሰም ጨምሮ መድገም ጠርዙን ከእርጥበት ይጠብቀዋል። የጀርባውንና የክዳኑን መታጠፊያ ለማስለመድ የሥጋ ወገኑን በስፖንጅ አርጥባችሁ በማስመሪያ ጠርዝ ሳይሆን በእጃችሁ አጥፉት፤ የታጠፈ ሆኖ ይድረቅ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ቆዳን ያኮማትረዋል፣ ሲደርቅም እንደ እንጨት ያደርገዋል። እሳት ወይም ፀሐይ ላይ አታድርቁት።

ቅባት ሲባል ጥቂት ማለት ነው። ብዙ ዘይት የጠጣ ቆዳ ይላላል፣ ወደ ወረቀቱም ያልፋል።

መስፋት

130 ሴንቲሜትር ያህል ክር ቁረጡ፤ የገጹን ቁመት ስድስት እጥፍ ማለት ነው። በመርፌው አሳልፉና አጭሩን ጫፍ በመርፌው ራሱ ወግታችሁ ሳቡት፤ ክሩ በክር ስለተያዘ ከመርፌው አይወጣም። ቀዳዳዎቹን ከራስ ወደ ግርጌ ከ1 እስከ 6 እንቁጠራቸው። የመጀመሪያው ጥራዝ ለፊት ሽፋኑ የቀረበው ነው።

1. አንደኛውን ጥራዝ መሃሉን ክፈቱ፤ የመጀመሪያው የቆዳ መስመር ላይ አስጠግታችሁ በክሊፕ ያዙት። ከጥራዙ ውስጥ በ2ኛው ቀዳዳ ወረቀቱንም ቆዳውንም አልፋችሁ ውጡ፤ 10 ሴንቲሜትር ጅራት ውስጥ አስቀሩ። (1ኛውን ቀዳዳ ለጊዜው ተዉት።)

2. በ3 ግቡ፣ በ4 ውጡ፣ በ5 ግቡ፣ በ6 ውጡ። አሁን ክሩ ከቆዳው ውጭ፣ ግርጌ ላይ ነው።

3. ሁለተኛውን ጥራዝ በመስመሩ አስቀምጡ። በራሱ 6ኛ ቀዳዳ ከውጭ ግቡ፤ በ5 ውጡ፣ በ4 ግቡ፣ በ3 ውጡ፣ በ2 ግቡ፣ በ1 ውጡ።

4. ከዚህ ወደ አንደኛው ጥራዝ ተመለሱና የተዋችሁትን 1ኛ ቀዳዳ ከውጭ ግቡበት። ውስጥ የቀረውን ጅራት ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ጥራዞች ካጠበቃችሁ በኋላ ክሩንና ጅራቱን ቋጥሩ፤ መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ የተቋጠረ ይፈታል።

5. በዚያው በአንደኛው ጥራዝ 1ኛ ቀዳዳ ተመልሳችሁ ውጡ፤ በሁለተኛው ላይ ተሻግራችሁ በሦስተኛው ጥራዝ 1ኛ ቀዳዳ ግቡ። በ2 ውጡ፣ በ3 ግቡ፣ በ4 ውጡ፣ በ5 ግቡ፣ በ6 ውጡ።

6. አራተኛውን ጥራዝ በ6 ግቡ፤ እንደ ሁለተኛው ወደ ላይ እየወጣችሁ በ1 ውጡ። መርፌውን በራሱ በኩል ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ጥራዝ በተሻገረው ክር ሥር አሳልፉና በአራተኛው ጥራዝ 1ኛ ቀዳዳ ተመልሳችሁ ግቡ። ውስጥ በ1 እና በ2 መካከል ባለው ክር ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥሩ። ጫፉን 1 ሴንቲሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ ያጠረ ጫፍ ቋጠሮውን ያስፈታል።

ስፌቱን ከሚያበላሽ ነገር ሁሉ የሚከፋው የአጎታተት ስህተት ነው። ክሩን ስታጠብቁ ሁልጊዜ በእጥፋቱ መስመር፣ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ሳቡ። ወደ ራሳችሁ፣ ወደ ላይ የተሳበ ክር ወረቀቱን እንደ መጋዝ ይሰነጥቀዋል። እያንዳንዱን ስፌት ወዲያው አታክርሩ፤ አንድ ጥራዝ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ላላ ያለውን በመርፌ ጫፍ እያነሣችሁ ወደ መጨረሻው ግፉት። ትክክለኛው ጥብቀት በጣት ሲነኩት የማይነቃነቅ፣ ቆዳውን ግን የማያሸበሽብ ነው። በሥራው መካከል አልፎ አልፎ ደብተሩን ዘግታችሁ እዩ፤ የጥራዞቹ ራስ ካልተሰለፈ አሁን ማስተካከል ይቻላል፣ ከቋጠሮ በኋላ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው መርፌ ለምን እንደ ሆነ ትጠይቁ ይሆናል። የቆዳው ቀዳዳ ከወረቀቱ ጋር አልገጥም ሲል ከሌላው ወገን አስገብቶ መንገዱን ለማሳየት ነው። ከውጭ ስትገቡ ዓይን አያይም፤ ያ መርፌ ብዙ ጊዜና ብዙ የተቀደደ ወረቀት አትርፎልኛል።

ጠፍሩ

ክዳኑን የሚያስረው ጠፍር 5 ሚሊሜትር ስፋትና 85 ሴንቲሜትር ርዝመት ይበቃዋል፤ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ የሚሸጎጥበት ይተርፈዋል። ያን ያህል ረጅም ቁራጭ ከሌላችሁ 9 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁራጭ ፈልጉ። ከዳር ጀምራችሁ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየዞራችሁ በ5 ሚሊሜትር ስፋት ቁረጡት፤ ከዚያ ትንሽ ክብ ከ85 ሴንቲሜትር በላይ ጠፍር ይወጣል። አርጥባችሁ ሳብ አድርጋችሁ በሁለት ጫፍ አስራችሁ ብታደርቁት ቀጥ ይላል።

በክዳኑ መሃል፣ ከጫፉ 15 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ፣ በ8 ሚሊሜትር ርቀት ሁለት ቀዳዳ ብሱ። የጠፍሩን አንድ ጫፍ 10 ሚሊሜትር ያህል በመሃሉ ሰንጥቁት፤ እስከ ጫፉ ግን አይድረስ። የተሰነጠቀውን ጫፍ በአንደኛው ቀዳዳ አስገብታችሁ በሁለተኛው አውጡ፤ ረጅሙን ጅራት በስንጥቁ ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡ። ራሱን በራሱ ያንቃል፤ ኮላም ቋጠሮም አይፈልግም። ለማሰር ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ ጫፉን በተጠቀለለው ሥር መሸጎጥ በቂ ነው።

አዲሱን ደብተር መሃሉ ላይ አትሰንጥቁት። በጠረጴዛ ላይ አቁሙት፤ ከፊትና ከኋላ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት ቅጠል እየገለጣችሁ በጣት ወደ ጀርባው ጫኑ፤ መሃሉ ላይ እስክትገናኙ።

ሲበላሽና ሲያልቅ

ገጾቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ከሆነ ክሩ ላልቷል፤ ወይም የወረቀቱ ቀዳዳ ሰፍቷል። የመጀመሪያው በመርፌ ጫፍ ተጎትቶ ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ግን አዲስ ወረቀት ይፈልጋል። የቆዳው ቀዳዳ ከተቀደደ በጀርባው ውስጥ 14 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ የቆዳ ቁራጭ ደርቡበትና በአዲስ ቀዳዳ አብራችሁ ስፉት። ደረቅ ቦታ የሚውል ቆዳ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ስስ ቅባት ይበቃዋል። ነገር ግን በታኒን የለፋ አሮጌ ቆዳ ሲነኩት ቀይ ዱቄት ከጣት ላይ የሚያስቀር ከሆነ ውስጡ በአሲድ ተበልቷል፤ ቅባት አይመልሰውም፤ አዲስ ሽፋን ቁረጡለት።

ደብተሩ ተጽፎ ሲያልቅ በውስጥ በኩል ያሉትን ክሮች በመቀስ ቆርጣችሁ አንድ በአንድ ምዘዙ። የተጻፉትን አራት ጥራዞች በቅደም ተከተል ደርባችሁ በስስ ካርቶን ጠቅልላችሁ አስቀምጧቸው፤ በካርቶኑ ላይ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን ጻፉ። የቆዳው ቀዳዳዎች አሁን መልካቸውን ስለያዙ አዲሶቹን ጥራዞች በዚያው አሮጌ አብነት ብሷቸው። አብነቱን እኔ የማኖረው በክዳኑና በፊት ሽፋኑ መካከል ነው።